ሊብሬው አለ፤ የጥገና ደብተሩስ?

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ቪ8 ላንድክሩዘር ለሽያጭ ቀረበ ሲባል ገዢው የሚያነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው። ሞዴሉ ስንት ነው? ሊብሬው በማን ስም ነው? ታርጋው ኮድ 2 ነው ወይስ ኮድ 3? ዕዳና እገዳ አለበት? ቀለሙ ተነክቷል? ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። የሚያስገርመው ሳይጠየቅ የሚታለፈው ነው። የናፍጣ ፊልትሮው በመጨረሻ የተቀየረው መቼ ነው? ኢንጀክተሮቹን የነካቸው ማን ነው? የካምቢዮው ዘይት ተለውጦ ያውቃል? መኪናው ጋራዥ ገብቶ ስንት ቀን ቆሟል? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ገዢ እምብዛም አይገኝም። ሻጩ ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ደላላውም ዝም ይላል። ቀብዱ ይቆጠራል፣ ውሉ ይፈረማል፣ ጉዱ የሚሰማው ከወር በኋላ ነው።

ይህ ጸሐፊ የሚለው አጭር ነው። በጣና ዳርቻ የአንድ ውድ መኪና ዋጋ መቆረጥ ያለበት ከሞዴሉና ከቀለሙ ይልቅ በጥገና ታሪኩ ነው። የጥገና ደብተር የሌለው ቪ8፣ ፕራዶም ሆነ ሬንጅሮቨር፣ ደብተር ካለው እኩል ዋጋ ሊጠራለት አይገባም። ዛሬ ግን እኩል ይጠራለታል። ከዚህም የሚጎዳው ገዢው ብቻ አይደለም፤ መኪናውን በሚገባ የያዘው ሻጭና ስሙን ጠብቆ የሚሠራው ደላላ ጭምር ናቸው።

ነገሩ አንገብጋቢ የሆነበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆኑ አዳዲስ የቤት መኪናዎች ላይ 100 በመቶ ታክስ ጣለ፤ ብዙ ዓመት ባገለገሉት ላይ ደግሞ እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተሽከርካሪን ጨምሮ 38 ዓይነት ሸቀጦች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ተደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ያኔ የ38ቱ ሸቀጦች እገዳ ቢነሣም የነዳጅ መኪናው ክልከላ ግን ባለበት ቆየ። ከዚያች ቀን በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላርም ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ።

ውጤቱን ነጋዴው ከማንም በላይ ያውቀዋል። አዲሱ ሲጠፋ አሮጌው ነገሠ። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ መኪና ከተገዛበት ዋጋ በላይ መሸጥ ጀመረ። ብዙ ሰውም መኪናን እንደ ወርቅና እንደ ቦታ የገንዘብ ማቆያ አድርጎ ያየው ገባ። ልብ ሊባል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ወርቅ ዘይት አይቀየርለትም፤ ቦታም ራዲያተሩ አይደፈንም። መኪና ግን ባይነዳም ያረጃል፤ ሲነዳ ደግሞ ይበላል። ታሪኩ ሳይታወቅ የተገዛ መኪና ገንዘብ ማቆያ ሊሆን አይችልም፤ የገንዘብ መውጫ ቀዳዳ ነው።

ላንድክሩዘር ጠንካራ መኪና መሆኑን የሚክድ የለም። አይሲካርስ የተባለው የአሜሪካ የመኪና ገበያ አጥኚ ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዕድሜ ጥናት ላንድክሩዘር 280,236 ማይል፣ ማለትም 450 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የመሄድ አቅም ያለው ሆኖ ከቶዮታ ሴኮያ ቀጥሎ በ2ኛ ደረጃ ተቀምጧል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ያን ቁጥር መኪናው ብቻውን አላመጣውም። አስፋልት፣ ንጹሕ ነዳጅና ቀኑን ጠብቆ የሚደረግ ሰርቪስ አብረው ያመጡት ነው። መኪናው ወደ እኛ ሲመጣ እነዚያ ሦስቱ አብረውት አይመጡም።

የእኛን መንገድ እንይ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ የዓባይ በረሃ አለ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ መኪናው ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርድና መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ከ2 ቶን ተኩል በላይ የሚመዝን መኪና ይህን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ እየያዙ ሲያወርዱት የፍሬን ሸራውን ይበላዋል፤ ዳገቱን ሞልቶ ሲወጣ ደግሞ ካምቢዮውና ራዲያተሩ ይፈተናሉ። በወር ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ የሚመላለስ ባለሀብት መኪናና ከባሕር ዳር ወጥቶ የማያውቅ መኪና ኪሎ ሜትራቸው እኩል ቢነበብ እንኳ ድካማቸው እኩል አይደለም።

የጣና ዙሪያ መንገድም የራሱ ጠባይ አለው። ጣና ጨዋማ ባለመሆኑ የባሕር ጠረፍ ከተሞች መኪና የሚበላው ዝገት እዚህ የለም፤ ይህ ለባለመኪናው በረከት ነው። ችግሩ ሌላ ነው። በክረምት ሩዝ ለማየት ወደ ፎገራ ሜዳ የሚወርድ ነጋዴ ዋልካው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ጥቁሩ ጭቃ ጎማውን ብቻ አይዝም፤ ከሥር ገብቶ ዲናሞና ራዲያተር ላይ ይደርቃል። በበጋ ደግሞ ከአስፋልት ወጣ ሲሉ አቧራው የአየር ፊልትሮውን በሰርቪስ ደብተሩ ከተጻፈው ጊዜ አስቀድሞ ይደፍነዋል። ከሁሉ የሚብሰው ነዳጁ ነው። ማደያው ሲደርቅ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚገዛ ናፍጣ ውኃ ይኑረው ቆሻሻ ገዢው አያውቅም። የሚያውቀው ሞተሩ ነው።

ሁሉም ሞተር ግን እኩል አይቀየምም። የሃርድቶፑ ዋን-ኤች-ዜድ ሞተር በ1990 እ.ኤ.አ. የመጣ፣ 4.2 ሊትር፣ 6 ሲሊንደር፣ ያለ ቱርቦ የሚሠራ ነው። የናፍጣ ፓምፑም ሜካኒካል ነው። ሃርድቶፕ በየገጠሩ ስሙን የተከለው በዚህ ነው፤ የተካነ መካኒክ ጆሮውን ሰጥቶ የሚመረምረው ሞተር ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለው የቪ8 ናፍጣ ሞተር ግን 4.5 ሊትር፣ 8 ሲሊንደር፣ ሁለት ቱርቦና በኮምፒውተር የሚታዘዙ 8 ኢንጀክተሮች አሉት። ጉልበቱና ምቾቱ የሚመጣው ከእነዚህ ነው፤ ወጪውም እንዲሁ። እነዚያ ኢንጀክተሮች ናፍጣውን እጅግ በከፍተኛ ግፊት በጠባብ ቀዳዳ የሚረጩ ስለሆኑ ጥቂት ውኃና ጥቂት ደቃቅ አቧራ ይበቃቸዋል። ሲበላሹም ስምንት ናቸው።

ፕራዶን የያዙ ደግሞ ሌላ ወግ አላቸው። የ3.0 ሊትሩ ዋን-ኬዲ የናፍጣ ሞተር ከኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስታልቅ ጋዝ አሾልካ ጥላሸቱን ወደ ሞተር ዘይት ትልካለች። ጥላሸቱ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ወንፊቱ ሲደፈን ሞተሩ ዘይት ይጠማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚደረገው ሞተር ማውረድ ነው። ይህ በአውስትራሊያም በአፍሪካም የፕራዶ ባለቤቶች የሚያውቁት ችግር ነው። ቀለበቷ በጊዜ ብትቀየር ወጪው ከመኪናው ዋጋ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የዚያው ሞተር የታይሚንግ ቺንጋም በኪሎ ሜትር ልክ የሚለወጥ ነው። እንግዲህ ፕራዶ የሚገዛ ሰው «ቀለበቶቹ መቼ ተቀየሩ? ቺንጋውስ?» ብሎ ካልጠየቀ ምን ጠየቀ ይባላል?

ሬንጅሮቨር ዘንድ ስንሄድ ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል። መኪናው የሚቆመው በብረት ሞላ ፋንታ በአየር በተሞላ የጎማ ከረጢት ላይ ነው። ምቾቱ ከዚያ ይመጣል። ከረጢቱ ሲያረጅ አየሩ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ማታ ቀጥ ብሎ የቆመው መኪና ጠዋት ተንበርክኮ ይገኛል። ባለቤቱ «ሲነሳ ይስተካከላል» ብሎ ችላ ሲለው አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር ሌት ተቀን እየሠራ ይቃጠላል። አንዱ ወጪ ሁለት ሆነ ማለት ነው። አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ ከረጢቱን አውጥቶ በብረት ሞላ ያስተካዋል። ይቻላል፤ ብልሃትም ነው። ግን ከዚያ በኋላ ያ መኪና ገዢው በሬንጅሮቨር ዋጋ የሚከፍልበት መኪና አይደለም፤ ሊነገረውም ይገባል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ መኪናዎቹን ለማጥላላት አይደለም። ብልሽት የማያውቀው መኪና የለም። ልዩነቱ ሲበላሽ ማን ያነሳዋል የሚለው ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ ቢቆም መካኒኩ እዚያው ሰፈር ይገኛል፤ ዕቃው ከሱቅ ይመጣል፤ ባለቤቱም ከሰዓት በኋላ ሥራው ላይ ነው። አይሱዙም ቢሆን ብዙ አይቸገርም። የቪ8ቱ ግን ሌላ ነው። ይህ የከተማው መካኒኮች እጅ ስላጠረ አይደለም። የጎደለው ለዚያ ሞዴል የሚሆነው የምርመራ ኮምፒውተር፣ ኢንጀክተር የሚፈተሽበት መሣሪያና በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ነው። እነዚህ በሌሉበት መካኒኩ በግምት አንዱን ያወጣል፣ ሌላውን ያስገባል፤ የግምቱን ዋጋ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ነው። ወይ መኪናው በሎቤድ ይጫናል፣ ወይ ሰው ሶማሌ ተራ ተልኮ ዕቃ ያፈላልጋል። ኦሪጅናሉ ይህን ያህል፣ የዱባዩ ይህን ያህል፣ ከፈረሰ መኪና የወጣው ይህን ያህል ይባላል። በስልክ የተስማሙበት ዕቃና በካርቶን የመጣው ዕቃ አንድ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት መንገዱ እየተዘጋ እየተከፈተ ሲሄድ፣ ድሮ በአውቶቡስ በማግሥቱ ይደርስ የነበረው ዕቃ ሳምንታት የሚጠበቅበት ጊዜ መጣ። መኪናውን ወደ ዕቃው መውሰድም ሆነ ዕቃውን ወደ መኪናው ማምጣት እኩል ከበደ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው፤ ሊብሬው በኪስ፣ መኪናው በጋራዥ።

ሒሳቡን እንሥራው። በውጭ አገር 1,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ ምንዛሪ 57 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይታከልበት ከ100 ሺህ ብር በላይ ነው። ሌላው ወጪ የቆመበት ጊዜ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ መኪናውን ለአስጎብኚና ለድርጅት በቀን 10,000 ብር የሚያከራይ ባለሀብት አለ እንበል። ዕቃ ሲጠበቅ 40 ቀን ቢቆምበት 400 ሺህ ብር ሳያገኝ ቀረ። የኢንሹራንስ ውሉን አውጥቶ ቢያነበው ግጭትንና ስርቆትን እንጂ የሞተር እርጅናንና የሜካኒክ ብልሽትን እንደማይከፍል ተጽፎ ያገኘዋል። ያ 400 ሺህ ብር በሽያጩ ዕለት በዋጋው ውስጥ ሊታሰብ ይገባው ነበር። ያልታሰበው ማንም ስላልጠየቀ ነው።

ይህን የገበያ በሽታ አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ገልጾታል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ሐሳቡ ለመርካቶ ሰው እንግዳ አይደለም። ሻጩ የመኪናውን ገመና ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ደጉን ከክፉው መለየት ስላልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በመካከለኛው ዋጋ መኪናውን በሚገባ የያዘው ሰው ይከስራል፤ ስለዚህ አይሸጥም። የሚሸጠው መካከለኛው ዋጋ ትርፍ የሆነለት፣ ማለትም የተጎዳ መኪና የያዘው ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ገበያው በተቀባ ብልሽት ይሞላል።

የባሕር ዳር ገበያ ወደዚያው እየሄደ ነው። ናፍጣ ፊልትሮውን ከወር ሳያሳልፍ የሚቀይር፣ ውኃ መለያውን የሚያስከፍት፣ ኦሪጅናል ዕቃ ለማምጣት አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ ባለቤት አለ። ሞተሩ ሲጮህ ሬዲዮውን ከፍ የሚያደርግም አለ። ሁለቱ በአንድ ቀን ለሽያጭ ቢወጡ፣ አንድ ሞዴል ከሆኑና ሁለተኛው ቀለሙን ካሳደሰ፣ የተሻለ ዋጋ የሚያገኘው ማን ነው? ባለ ቀለሙ ነው። እንዲህ ከሆነ ነገ ፊልትሮ የሚቀይረው ለምን ብሎ ነው?

ደላላውን መራገም ልማድ ሆኗል፤ ነገሩን ግን አያስተካክልም። ደላላው የሚከፈለው ሽያጩ ሲያልቅ ነው፤ ጥያቄ ሲበዛ ሽያጩ ይፈርስበታል። እርሱም «ደብተር ብንጠይቅ ማን አለው? ቢኖረውስ በአንድ ሌሊት ተጽፎ የሚመጣውን ማን ይለየዋል?» ቢል ክርክሩ ውኃ የሚያነሳ ነው። መልስ ግን አለው። ደብተር ማለት የተሞላ ቅጽ ብቻ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ሰርቪስ ጋር የሚያያዝ ደረሰኝ፣ የጋራዥ ማኅተምና የዕለቱ ኪሎ ሜትር ነው። ኪሎ ሜትር የሚያስመልስ ሰው ዳሽቦርዱን ይነካ ይሆናል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ በተለያዩ ቦታዎች የተቆረጡ ደረሰኞችን ሁሉ ማስማማት ግን ከባድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደብተሮች ጎዶሎ ይሆኑ ይሆናል፤ ጎዶሎ ደብተርም ቢሆን ከባዶ ቃል ይሻላል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። ገዢም ዕቃውን ሲረከብ መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። በተግባር የሚፈረመው ውል ግን አብዛኛውን ጊዜ «መኪናውን አይቼና አስፈትሼ ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ነው። ያቺ አንዲት መስመር የገዢውን አፍ ትዘጋለች። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ እንደ ደበቀ ቢያስረዳ መከራከሪያ ያገኝ ነበር፤ ታዲያ በምን ያስረዳ? ተጽፎ የተሰጠው ነገር የለም። ደብተሩ የውሉ አባሪ ቢሆን ኖሮ የተጻፈው ቃል ሻጩን ይይዘው ነበር። ለሐቀኛው ሻጭም መከታ ይሆነዋል፤ «ይህን ነግሬሃለሁ፣ ፈርመህ ወስደሃል» ለማለት ይችላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ገበያው ራሱ ሊጀምረው ይችላል። አንደኛ፣ ገዢ ከቀብድ በፊት ደብተርና ደረሰኝ ይጠይቅ፤ ከሌለ ዋጋውን ይቀንስ። ቅናሹም ከራስ የሚፈጠር አይሁን፤ ኢንጀክተር፣ ቺንጋ፣ የአየር ከረጢት እንዳልተቀየረ ተቆጥሮ የዕቃውና የሚቆምበት ቀን ዋጋ ይታሰብ። ሁለተኛ፣ ፍተሻው ሻጩም ደላላውም ባልመረጡት ጋራዥ፣ በገዢው ወጪ፣ በኮምፒውተር ይደረግ፤ ውጤቱም በወረቀት ይውጣ። ሦስተኛ፣ ደላሎች ደብተር ያለውን መኪና ለይተው በተሻለ ዋጋ ያቅርቡ። የድለላው ክፍያ ከዋጋው ጋር ስለሚያድግ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ስምም ይተርፋቸዋል። አራተኛ፣ የከተማው ባለሀብቶች ሌላ ፎቅ ከማቆም ወጣ ብለው የኢንጀክተር መፈተሻና የምርመራ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ቢያስቡ፣ ደንበኛው ከደብረ ማርቆስም ከጎንደርም የሚመጣ ነው።

«የነዳጅ መኪና ዘመኑ አልፏል፤ አሁን የኤሌክትሪክ ነው» የሚል ካለ ተሳስቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ኢንጀክተርም ቺንጋም የለውም፤ ባትሪና ኮምፒውተር ግን አለው። የባትሪው ጤና ከውጭ በዓይን አይታይም፤ በመሣሪያ ይለካል። ከዓመታት በኋላ ያገለገሉት ለሽያጭ ሲወጡ «ባትሪው ምን ያህል ቀርቶታል?» የሚለው ጥያቄ የዋጋው እናት ይሆናል። ዛሬ በናፍጣው መኪና ደብተር መጠየቅ ያልለመደ ገበያ ነገ በባትሪው ዕጥፍ ይከፍላል።

ሊብሬ መኪናው የማን እንደሆነ ይናገራል። መኪናው ምን እንደሆነ የሚናገረው ደብተሩ ነው። ሚሊዮኖችን ይዞ ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው ሁለቱንም ሳያይ ቀብድ አይቁጠር።